ቅርፊቱን ሳትቆጥሩ ለዕድሜ ምርመራ አትላኩ

የማስተርስ ጽሑፌን የሠራሁት ጀርመን አገር ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ የሰሜን አትላንቲክ ጥልቅ ውሃ ዝውውር ምን ሆነ? ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለምትጀምሩ ነው። እኔ ስጀምር "ተው፣ እዚህች ጋ ተጠንቀቅ" የሚለኝ ሰው አጥቼ ብዙ ተንገላታሁ።

መነሻውን ባጭሩ ልበል። ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በአትላንቲክ የላይኛው ክፍል ወደ ሰሜን ይሄዳል። እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ከዚያ በሥር በኩል ወደ ደቡብ ይመለሳል። ከ21 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጫፍ ላይ የደረሰው የበረዶ ዘመን መላላት ሲጀምር ግን፣ ከሰሜን አሜሪካ የተገመሰ በረዶና የቀለጠ ውሃ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። ጨው ያነሰው ውሃ ቀላል ነው፤ አይሰምጥም። ስለዚህ ከ18 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ዝውውሩ ክፉኛ ተዳከመ። በፈረንጆች 2004 ማክማነስና ባልደረቦቹ ከቤርሙዳ አካባቢ በወጣ ደለል የፕሮታክቲኒየምንና የቶሪየምን ምጥጥን (የጥልቁን ውሃ ፍሰት ብርታት የሚጠቁሙ ሁለት ንጥረ ነገሮች ናቸው) ለክተው፣ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር ብለዋል። ከ14,700 ዓመት በፊት በድንገት አገገመ፣ ከ12,900 ዓመት በፊት እንደገና ደከመ፣ ከ11,700 ዓመት ወዲህ ደግሞ አሁን የምናውቀው ዓለም መጣ።

አጎቴ "ባሕር የሌላት አገር ልጅ ባሕር ወለል ምን አገባህ?" ይለኛል። ያገባኛል። ዝውውሩ በተዳከመበት በዚያው ዘመን ጣና ሐይቅ ደርቆ ነበር። ይህን የሚመሰክረው ከራሱ ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል ነው። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ ዝናባችንም ከድቶናል።

የላቦራቶሪው ሥራ ከባድ አይደለም፣ አሰልቺ ነው። ደለሉን ትቆርጣላችሁ፣ በ63 ማይክሮን ወንፊት ታጥባላችሁ፣ ታደርቃላችሁ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሆናችሁ በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ የፎራሚኒፌራ (ቅርፊት ያላቸው ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት) ቅርፊት ትለቅማላችሁ። አንገታችሁን ያማችኋል። ለካርቦን አይሶቶፕ ከወለሉ ነዋሪዎች ሲቢሲዲስ ዉለርስቶርፊን ምረጡ፤ ጭቃው ላይ ስለሚኖር የታችኛውን ውሃ ባሕርይ ይይዛል። ዩቪጀሪና የሚባለው ሌላው ዝርያ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀበር የሚነግራችሁ የጭቃውን ነው።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ፤ ወደ ራዲዮካርቦን፣ በካርቦን-14 ዕድሜ ወደ መለካቱ።

ሐሳቡ ያምራል። ውሃ ከላይ ሲሰምጥ ካርቦን-14 ይዞ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ከአየር አዲስ አያገኝም። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ንብርብር የላይኛውን ውሃ ነዋሪና የወለሉን ነዋሪ ቅርፊት ለቅማችሁ ዕድሜያቸውን ስታነጻጽሩ፣ ጥልቁ ውሃ ከላይኛው ምን ያህል እንደተለየ ይታያችኋል። ልዩነቱ ከሰፋ ዝውውሩ ደክሟል።

መጀመሪያ በየንብርብሩ የትኛው ዝርያ ስንት እንደሆነ ልቁጠር ብዬ ለመንኩ። ፋይናንስ ክፍሉ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ገንዘቡ ካልወጣ ተመላሽ ይሆናል አለ። የላቡ መመሪያ ደግሞ ከአንድ ቀዝቃዛ ወዳድ ዝርያ በእኩል ርቀት ልቀሙ ይላል። አማካሪዬ ትከሻውን ነቀነቀ። ቅርፊቱ ሳይቆጠር ለዕድሜ ምርመራ ተላከ።

ውጤቱ ሲመጣ ከላይ ያለው ንብርብር ከሥሩ ካለው በልጦ አረጀ።

ነገሩ የትል ሥራ ነው። የባሕር ወለል ትሎችና ሌሎች ቆፋሪዎች የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ገደማ ጭቃ እንደ ገንፎ ያማስሉታል። ፓኪደርማ የሚባለው ቀዝቃዛ ወዳድ በብርዱ ዘመን ሞልቶ ተርፎ ነበር። ባሕሩ ሲሞቅ ተመናመነ። ትሎቹ ግን የብርዱን ዘመን ቅርፊት ወደ ላይ ማውጣታቸውን አላቆሙም። ሞቃቱ ንብርብር ውስጥ የለቀምኳቸው ፓኪደርማዎች አብዛኞቹ የዚያ ዘመን አልነበሩም፤ ከሥር የመጡ አሮጌዎች ናቸው። አስቀድሜ ብቆጥር ኖሮ የዝርያው ቁጥር ጫፍ የደረሰበትን ቦታ ብቻ መርጬ እልክ ነበር። በእኩል ርቀት መላክ ለሰንጠረዥ ያምራል እንጂ ለዕድሜ አይሆንም። ይህን ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል።

ይህ ሳይበቃ ሁለተኛው መጣ። የባሕር ላይኛው ውሃ ራሱ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር "ያረጀ" ስለሆነ፣ ቁጥሩን ወደ ዓመት ስትቀይሩ ያንን ልዩነት መቀነስ አለባችሁ። መመሪያው የሶፍትዌሩን ነባር ቅንብር ተጠቀሙ ይላል፤ ይህም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ዓመት ይቀንሳል። ለዛሬው ሞቃት ባሕር ይሁን። በረዶ በሸፈነው፣ ዝውውሩ በደከመው የያኔው ሰሜን አትላንቲክ ግን ልዩነቱ ከሺህ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የመቀየሪያውን መስመር፣ ማሪን20ን፣ ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ለዋልታ አካባቢ እንዳለ አትጠቀሙበት ብለው ጽፈዋል። የኛ መመሪያ ግን ይህንን አያውቅም። ትንሽ ስትቀንሱ ዕድሜው ይረዝማል። በእኔ ስሌት ዝውውሩ የተዳከመው በረዶው መቅለጥ ከመጀመሩ በፊት ሆነ። ጎርፉ ከዝናቡ ቀደመ ማለት ነው።

መውጫው መቁጠር ሆነ። የፓኪደርማን ድርሻ ንብርብር በንብርብር ቆጠርኩ። በአንድ ቦታ ላይ ቁልቁል ወረደ። ያንን ቦታ ግሪንላንድ በድንገት ከሞቀችበት ከ14,700 ዓመት በፊት ጋር አጣመርኩት፤ የግሪንላንዱ ዘመን የሚታወቀው የበረዶውን ዓመታዊ ንብርብሮች በመቁጠር ነው። ከዚያ አማካሪዬ ጋ ሄጄ የተረፈች ገንዘብ ለመንኩ። ቅርፊት ከበዛባቸው ቦታዎች ብቻ ጥቂት ጥንዶች ላክን። በብርዱ ዘመን በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሆኖ መጣ፣ ከሙቀቱ በኋላ ጠበበ። ያን ቀን ላቡ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ፤ አላፍርበትም።

አንድ ነገር አትደብቁ። ከግሪንላንድ ጋር ካጣመራችሁ፣ ባሕሩና ግሪንላንድ አብረው ሞቁ ብላችሁ ገምታችኋል። በኋላ ተመልሳችሁ "ከሁለቱ ማን ቀደመ?" ማለት አትችሉም። ብዙ ሰው ይህንን ዘሎ ያልፋል። እኔ ከዘዴው ክፍል መጀመሪያ ላይ ጻፍኩት፤ ፈታኞቹም እሱን አልነኩብኝም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የዕድሜ ምርመራውን በጀት አንድ ሦስተኛ ለሁለተኛ ዙር አስቀሩ፤ "በአንዴ መላክ ይሻላል" ቢሏችሁ አትስሙ። ቆጠራውንም ፕሮፖዛሉ ላይ ራሱን የቻለ ሥራ አድርጋችሁ ከነጊዜው አስገቡት። የተፈረመበት ወረቀት ላይ ካለ ፋይናንስ ክፍሉ ሊያጣድፋችሁ አይችልም።