«አንጀት ይበላሉ» ለማለት ብዬ

ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ! ሜሪላንድ እንደገባሁ የነርስ ረዳት ኮርስ ወሰድኩ። ፈተናውን አለፍኩ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተቀጠርኩ። ይሄ ሁሉ አልከበደኝም። ጉድ የሠራኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፦ ፐቴቲክ (pathetic)።

አንድ ጠዋት የምንከባከባቸውን ሽማግሌ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሳምንት አልሞላም። አንዱን ካልሲ አጥልቀዋል፣ ሌላውን በእጃቸው እንደጨበጡ ቀርተዋል። አንጀቴን በሉኝ። ተንበርክኬ ካልሲውን እያጠለቅኩላቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ «ዩ ሉክ ሶ ፐቴቲክ» አልኳቸው። «ምስኪን አባቴ፣ አንጀት ይበላሉ» ማለቴ ነበር። እግራቸውን ከእጄ ሳብ አደረጉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ከሰሰችኝ። ኃላፊዬ ጠርታ «ብለሻል ወይስ አላልሽም?» አለችኝ። ምን ለማለት ፈልገሽ ነው የሚል ጥያቄ ከአፏ አልወጣም። ብያለሁ አልኩ። ወረቀት አስፈርማ ወደ ሌላ ፎቅ አዛወረችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። በራሴ ግን የባሰ እናደዳለሁ። ያን ቀን ወደ ክፍላቸው ተመልሼ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ፈራሁ።

መዝገበ ቃላቴ «አሳዛኝ» ይላል። አልዋሸም። ሥሩ የግሪኩ «ፓቶስ» ነው፤ ስቃይ፣ ስሜት ማለት ነው። ሲምፓቲም፣ ኀዘኔታ ማለት ነው፣ ከዚያው ይወጣል። ድሮ ልብ የሚነካ ነገር ሁሉ ፐቴቲክ ይባል ነበር። ዛሬም የተራበ ቡችላ ጩኸት ፐቴቲክ ቢባል ያው ኀዘኔታ ነው። ሰውን ፊት ለፊት ሲሉት ግን «የማትረባ» እንደማለት ነው። ውኃ የማያነሳ ሰበብ ፐቴቲክ ነው፤ እዚህ ግባ የማይባል የደመወዝ ጭማሪም እንዲሁ። እኛም እኮ «ታሳዝናለህ!» ብለን እንሰድባለን። በአማርኛ ድምፃችን ይለየዋል። ፐቴቲክን ግን የእኔ ለስላሳ ድምፅ አላዳነውም።

ኮርስ ላይ በቀን አሥር ቃል ሸምድዱ ይሉን ነበር። እኔ አትሸምድዱ እላለሁ። ማን ለማን ሲለው ሳትሰሙ አንድም ቃል ከአፋችሁ አታውጡ። ፒቲፉልም (pitiful)፣ እሱም «አሳዛኝ» ተብሎ የሚተረጎመው፣ ያው ነው፣ ተጠንቀቁ። ለሐዘንተኛ «አይ አም ሶ ሶሪ» ይበቃል። እሱም ካልመጣላችሁ እጃቸውን ያዙ።

ከወር በኋላ ሽማግሌውን ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው። ሁለቱንም ካልሲ አጥልቀዋል። «ጉድ ሞርኒንግ» አሉኝ። ይቅርታዬን በእንግሊዝኛ እየደረደርኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ወረዱ።