የሐይቅ መረብና የናሚቢያ ኮታ

ባለፈው ወር ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐይቅ ከተማ ሄጄ፣ በማለዳ ከውኃው ዳር ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት አስጋሪ ታንኳውን ስቦ መረቡን ሲያራግፍ ሳፋው ውስጥ ከወደቁት ቆሮሶዎች አብዛኞቹ ከመዳፌ እምብዛም አይበልጡም፤ የመረቡም ዓይን ሁለት ጣት አጣምሬ ለማስገባት የሚያስቸግር ነበር። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ገና ያልወለደ ነው» ስለው፣ ሳይቆጣ «አብሽር ጋሼ፣ እኔ ብተወው ማታ ሌላው ያወጣዋል» አለኝ።

በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትገኘውን የናሚቢያን ባሕር ያራቆቱት የውጭ መርከቦችም ቢጠየቁ ከዚህ የተለየ መልስ አይሰጡም ነበር። በዳርቻዋ የሚፈሰው ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት ከታች የሚያወጣው ምግብ ያን ውኃ በዓሣ እጅግ የበለጸገ ስላደረገው ከየአገሩ የሚመጣው መርከብ ያለገደብ ያጠምድበት ነበር፤ የሰርዲን ምርት እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ 1.4 ሚሊዮን ቶን ደርሶ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ተንኮታኮተ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በማርች 1990 ነፃ ስትወጣ ከዳርቻዋ እስከ 200 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያለውን ውኃ የራሷ የኢኮኖሚ ክልል አድርጋ አወጀች፤ አሻፈረኝ ብለው የቀሩ የስፔን መርከቦችንም ይዛ ወረሰች።

(እኛ ወሎዬዎች ባሕርን የምናውቀው ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ በሚወርደው መንገድ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አጎቴ ስለ አሰብ ሙቀት አውርቶ አይጠግብም፤ ዓሣውን ማን እንደሚቆጣጠር ግን አንድም ቀን ሲያነሣ አልሰማሁም።)

ከባለቤትነት ቀጥሎ የመጣው ሥራ የበለጠ ይማርከኛል። በናሚቢያ ለዋና ዋናዎቹ የዓሣ ዓይነቶች በዓመት ሊጠመድ የሚችለው ጠቅላላ መጠን ይወሰንና የማጥመድ መብት ላላቸው በኮታ ይከፋፈላል፤ ከ200 ሜትር ባነሰ ጥልቀት መረብ እየጎተቱ ማጥመድ የተከለከለ ነው፤ በመርከቦቹ ላይ የሚጠመደውን የሚመዘግቡ ታዛቢዎች ይሳፈራሉ፤ ምርቱም በዋልቪስ ቤይ ወይም በሉደሪትዝ ወደብ ወርዶ ይመዘናል። ከሁሉ የረቀቀው ያልታሰበ ዓሣ መረብ ውስጥ ሲገባ የሚሠራበት ደንብ ነው። አስጋሪው ያንን ዓሣ ወደ ባሕር መልሶ መጣል አይችልም፤ ወደብ አምጥቶ ክፍያ ይከፍልበታል። ክፍያው ከበዛ አስጋሪው በሌሊት ደብቆ ይደፋዋል፤ ካነሰ ደግሞ ዓሣው ትርፍ ስለሚያስገኝለት ሆን ብሎ ያሳድደዋል፤ ስለዚህ ተመኑ መጣሉም ማሳደዱም የማያዋጣበት መካከል ላይ መዋል አለበት። ይህን ያሰበው ሰው የአስጋሪን ልብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ዓሣውን እንዲህ በጥንቃቄ የሚቆጥረው ሥርዓት ኮታ አዳዩን መቁጠር አቅቶታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 የዓሣ ሀብት ሚኒስትሩና የፍትሕ ሚኒስትሩ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ኮታ እንዲደርሰው ጉቦ ተቀብለዋል በሚል ከሥልጣናቸው ለቀቁ፤ ክስም ተመሠረተባቸው። በመርከቡ ላይ ታዛቢ ነበረ፤ ኮታው በሚታደልበት ክፍል ውስጥ ግን አልነበረም።

ወደ ሐይቃችን ስመለስ፣ እኛም ሕግ አላጣንም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ስለ ፈቃድም ስለ ተቆጣጣሪም ይናገራል። ያ ወጣት የጎደለው ጎረቤቱም ዛሬ ማታ ጠባቡን መረብ እንደማይጥል የሚያረጋግጥለት ነገር ነው፤ ያ ሳይኖር ብቻውን ቢታቀብ የሚጎዳው ራሱ ነውና ልፈርድበት አልችልም። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ራሳቸው አስጋሪዎቹ በማኅበር ሆነው ምርቱ የሚወርድበትን አንድ ቦታ ወስነው፣ የእያንዳንዱን ታንኳ ምርት በሁሉም ፊት የሚመዝኑበትና የሚመዘግቡበት አሠራር ነው።

በዚያች ማለዳ ግን ከዳር ያየሁት ሚዛን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የነጋዴው ነው። ወጣቱ ሳፋውን አነሣና ትንሹንም ትልቁንም አንድ ላይ ገለበጠበት፤ ነጋዴውም ሳይለይ በአንድ ዋጋ ተቀበለው።