ሁለተኛው ድግር የት ሄደ?

የምሠራው ባሕር ዳር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የሰርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሠላሳ ፖስተር ሊያሳትም መጣ። «የፊልም ማሳያና ከፊልም ሠሪ ጋር ጭውውት፣ በሙዚየሙ አዳራሽ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መግቢያ በነፃ» ይላል። ማታ የሚወጣ ሰው ስለሌለ በቀን አድርገውታል። ሁለት የፊደል ስህተት አረምኩለት። ደስ ብሎት «ከፊት ሁለት ወንበር እይዝልሻለሁ» አለኝ።

ሁለተኛው ወንበር ለአባቴ ሆነ። አባቴ የብቸና ገበሬ ነው። የዓይኑን ሞራ ለማስገፈፍ መጥቶ እኔ ጋ ሰንብቷል። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ግድግዳ ሲያይ ከሚውል ብዬ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ።

አዳራሹ ሳይከፈት ዕቃዎቹን እያየን ቆየን። እንስራ፣ አገልግል፣ ጋሻ፣ የብራና መጽሐፍ። አባቴ ሁሉንም ሳይቆም አለፋቸው። ሞፈርና ቀንበሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። መነጽሩን አወለቀ (ሐኪሙ አታውልቅ ብሎታል)፣ ጎንበስ አለ፣ ዞሮ በወዲያ በኩል አየው።

«ሁለተኛው ድግር የት ሄደ?»

አስጎብኚዋ አልገባትም። ድግር ማለት ማረሻውን ግራና ቀኝ ይዞ አፈሩን ወደ ጎን የሚገፋው እንጨት ነው። ጥንድ ነው። እዚያ የተሰቀለው ግን አንድ ብቻ ነበር።

«በአንድ ድግር የሚያርስ ማን ነው ልጄ? አንድ እግር ያለው ሰው ማቆም ነው እኮ።»

ልጅቷ ሳቀች፣ «እነግራቸዋለሁ አባባ» አለች። እሱ አልሳቀም።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። መግቢያ ንግግር ያደረገው ሰው ስለ «ናሬቲቭ» እና ስለ «ሲኒማቲክ ላንጉዌጅ» ሃያ ደቂቃ አወራ፤ እኔ እንኳ አዛጋሁ። ጠቃሚው ነገር በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው። አሜሪካ ፊልም ሲማር በ1966 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ሊወርዱ ሲሉ፣ መጥቶ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። የተዋናይነት ሙያ በሌላቸው ሰዎች የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን፣ ስለ ጭሰኛና ስለ ባለመሬት የሚያወራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው።

ጥቁርና ነጭ መሆኑን ለአባቴ መንገር ረስቻለሁ። ገና እንደጀመረ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ዓይኔ ተመለሰብኝ እንዴ? ቀለሙ ጠፋብኝ።»

«ፊልሙ ነው አባዬ፣ ዓይንህ ደህና ነው።»

ወደ እኔ ዞሮ የለበስኩትን ቀይ ሹራብ አየ። ቀይ መሆኑን አረጋግጦ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እኔ የሰዎቹን ፊት ሳይ እሱ ለካ እጃቸውን ነው የሚያየው። በሬ ተጠምዶ ሲታረስ ግን አልቻለም። «ይሄስ አርሶ ያውቃል!» አለ ጮክ ብሎ። «እርፉን አልተንጠለጠለበትም፣ ጫን ነው ያደረገው። አየሽ?» ከኋላችን «እሽሽ» አሉን። ማንን እንደሚሉ አልገባውም።

ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ሳይሞላው መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ ናፍጣ የለውም ተባለ። ገሚሱ ሰው ወጣ። የቀረነው መስኮት ከፈትንና ጭውውቱ በዚያው ተጀመረ።

ተጋባዡ አጫጭር ዘጋቢ ፊልም የሚሠራ ወጣት ነው። ተማሪዎች ስለ ካሜራና ስለ በጀት ጠየቁት። አባቴ እጁን አወጣ።

«በሬዎቹ የማን ናቸው?»

ሳቅ ሆነ። ልጁ ግን አልሳቀም፣ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋ። «የኃይሌን አላውቅም አባባ። የእኔን ልንገርዎት» አለ። የእርሻ ሥራ ሊቀርጽ አንድ ገበሬ ከነበሬው ለአምስት ቀን ይዞ ነበር፤ ከ19 እስከ 23። ካሜራ ተከራይቶ፣ ባለሙያ ይዞ ገጠር ገባ። በ19 ገበሬው ነጠላውን አጣፍቶ ጠበቀው። ገብርኤል ነው፣ በሬ አይጠመድም። በ20 ታረሰ። በ21 ማርያም። በ22 ታረሰ። በ23 ጊዮርጊስ። የካሜራው ኪራይ ግን የአምስቱም ቀን ነው!

አባቴ በአዳራሹ ካለው ሰው ሁሉ በላይ ሳቀ። እንባው በመነጽሩ ሥር ወረደ። የዓይኑን መድኃኒት ጠብታ ያጥበዋል ብዬ ፈራሁ። «ምነው ልጄ» አለው፣ «ካሌንደር የለህም?»

ቀጥሎ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አንዲት ተማሪ ተነስታ «ፊልሙ የአባቶቻችንን ታሪክ ነው የሚያሳየው» አለች። አባቴ ሳይፈቀድለት ተነሳ።

«የእኛን አይደለም። እኛ ጭሰኛ አልነበርንም፣ ርስተኞች ነን።»

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ልጅ ነበር፣ ከብት ጠባቂ። ሞጣም ብቸናም ዳሞትም እምቢ አለ። ሰው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም። ዛሬ ግብር ብለው ነገ መሬቱን ሊለኩት፣ ርስቱን ሊወስዱት ነው ብሎ ነው። አውሮፕላን ተላከ፣ ቦምብ ተጣለ። አያቴ ዱር ወጡ። በኋላ መንግሥት ለዘብ አለ፣ አገረ ገዢውም ተነሱ፣ ውዝፉም ተማረ። ይህን ሁሉ ቆሞ፣ በቀኝ እጁ እርፍ የያዘ ይመስል አየሩን ጫን እያደረገ ነው የተናገረው። እኔ ስለ አያቴ ዱር መውጣት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ተማሪዋ አልተቀየመችም። «ታዲያ አባባ፣ ጭሰኛ አይተው አያውቁም?» አለችው።

አባቴ ትንሽ ዝም አለ። «ርስት የሌለው ሰውማ ነበር» አለ። «ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ። ማረሻዬን የሚሠራልኝ ሰውዬ መሬት አልነበረውም።» ከዚያ ተቀመጠ። ሌላ አልጨመረም። እኔም በባጃጁ ስንመለስ አልጠየቅሁትም።

ሰኞ ተሸኝቶ ሄደ። ረቡዕ ደወለ። ስለ ዓይኑ ጠየቅሁት፣ ደህና ነው አለ። ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ፈልጌ ልጨርሰውም አስቤ ነበር። እሱ ግን «ድግሩስ ተገኘ?» አለኝ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሄጄ አየሁት። አሁንም አንድ ነው። መልሼ አልደወልኩለትም።