የተቆለፈው በር፦ የእንግሊዝን የትምህርት ቤት ዕረፍት እንዴት እንደተረዳሁት

ኖቬምበር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ልጆቼን ዩኒፎርም አልብሼ፣ የምሳ ዕቃቸውን አስይዤ፣ በዝናብ ውስጥ እየተቻኮልን ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ በሩ ተቆልፎ አገኘነው። እንግሊዝ አገር ከገባን ገና ሦስተኛ ወራችን ነበር። ሃፍ ተርም የሚባለው የአንድ ሳምንት ዕረፍት ማለቁን በሚገባ አውቃለሁ፤ ያንን ሳምንት ለማለፍም የዓመት ፈቃዴን አምስት ቀን ሰጥቼበታለሁ። ሥራ ለመግባት አርባ ደቂቃ ቀርቶኛል። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሠራተኛ ብቅ ብሎ «ዛሬ ኢንሴት ደይ ነው» አለኝና ተመለሰ። እኔ የሰማሁት ግን «ኢንሴክት ደይ»፣ የተባይ ቀን፣ ብሎ ነበር። ትምህርት ቤቱ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ የተዘጋ መስሎኝ፣ ለሥራ አለቃዬ ስደውል የነገርኩትም ይህንኑ ነው።

ኢንሴት ደይ መምህራን ለሥልጠና የሚገቡበት፣ ተማሪዎች ግን የማይገቡበት ቀን ነው። ቀኑ ከሁለት ወር በፊት በደረሰኝ የካላንደር ወረቀት ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል ሰፍሮ ኖሯል። ያንን ወረቀት ማንበብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ጠዋት በኋላ ነው። በመሥሪያ ቤት ደንብ፣ በቤት በጀትና በሕግ ፊት ዓመቱን ሙሉ የምንታሰርበት ሰነድ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አወቃቀሩ ሲታይ ቀላል ነው። የትምህርት ዘመኑ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተከፍቶ በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። በሦስት ተርም ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ተርም መሐሉ ላይ በአንድ ሳምንት ሃፍ ተርም ይቆረጣል። ሃፍ ተርሞቹ በኦክቶበር መጨረሻ፣ በፌብሯሪ አጋማሽና በሜይ መጨረሻ ይውላሉ። በገና ሰሞን ሁለት ሳምንት፣ በፋሲካ ሰሞን ሁለት ሳምንት፣ በመጨረሻም ስድስት ሳምንት ገደማ የሚፈጀው ረጅሙ ዕረፍት አለ። የምዕራባውያን ፋሲካ ከማርች 22 እስከ ኤፕሪል 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚዋልል፣ የመካከለኛው ተርም አንዱ ዓመት አጭር፣ ሌላው ዓመት ረጅም ይሆናል። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ካላንደር አይቶ የዘንድሮውን መገመት አያዋጣም።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ችግር ልጥቀስ። ረጅሙን ዕረፍት እኛ ቤት «ክረምት» እንለዋለን፤ ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ የሚዘጋበት ወቅት በአማርኛ ክረምት ነውና። ልጄ ግን ትምህርት ቤት የተማረችውን ይዛ «ክረምትማ በረዶ የሚጥልበት ነው፤ ይኼ በጋ ነው» ብላ ታርመኛለች። ሁለታችንም ልክ ነን። ይሁን እንጂ «ክረምት ላይ እንሄዳለን» ብዬ ለአንድ ወዳጄ የነገርኩት ቀጠሮ በዲሴምበር ተተርጉሞ ስላስቸገረን፣ አሁን የወሩን ስም ብቻ እንጠራለን።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ካውንስል የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር በሚያስተዳድራቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን በዓመት ለ195 ቀን ሥራ ላይ መሆን ሲኖርባቸው፣ ተማሪዎች የሚማሩት 190 ቀን ነው። ልዩነቱ አምስቱ ኢንሴት ደይ ነው። እነዚህ ቀኖች የገቡት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ኬኔት ቤከር የትምህርት ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን በመሆኑ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ መምህራን ዛሬም «ቤከር ደይ» ሲሏቸው ይሰማል። አምስቱን ቀኖች የት ላይ እንደሚያውል የሚወስነው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ነው። ብዙዎቹ ከዕረፍት ጫፍ ጋር ያያይዟቸዋል፤ እኔን በር ላይ ያስቀረኝም ይኸው ነው።

190 ቀን ማለት 38 የሥራ ሳምንት ነው። ከ52 ሳምንት ላይ ሲቀነስ፣ በሥራ ቀን ቤት የሚውል ልጅ 14 ሳምንት ያህል ጠባቂ ይፈልጋል። በአንጻሩ በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛው የሠራተኛ ዓመት ፈቃድ 5.6 ሳምንት ሲሆን፣ አሠሪው የሕዝብ በዓላቱንም በዚያው ውስጥ ሊቆጥራቸው ይችላል። ባልና ሚስት አንድም ቀን አብረው ሳያርፉ ተራ በተራ ፈቃድ ቢወስዱ እንኳ 11 ሳምንት ከአንድ ቀን ብቻ ይሸፍናሉ። ልጁን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ደግሞ ግማሹንም አትደርስበትም። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ የሠራሁት ዕለት፣ ጉዳዩ የእኔ የአደረጃጀት ድክመት ብቻ አለመሆኑን ተረድቼ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ካላንደሩ አንድ አለመሆኑን የተማርኩት ደግሞ ትልቋ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ ነው። ካውንስሉ ቀን የሚወስነው በሥሩ ላሉት ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ አካዳሚ የሚባሉት፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ከካውንስሉ ሥር ያልሆኑ ትምህርት ቤቶች፣ እንዲሁም አንዳንድ የሃይማኖት ተቋማት ትምህርት ቤቶች የየራሳቸውን ቀን ማውጣት ይችላሉ። በዚያ ዓመት የሁለቱ ልጆቼ የኦክቶበር ሃፍ ተርም በተለያየ ሳምንት ዋለና አንዷ ስትተኛ ሌላውን እያስነሣሁ አሳለፍኩ። አገሩም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። ስኮትላንድ በኦገስት አጋማሽ ትምህርት ከፍታ በጁን መጨረሻ ትዘጋለች፤ በሰሜን አየርላንድ ረጅሙ ዕረፍት ጁላይንና ኦገስትን ሙሉ ይይዛል፤ እዚሁ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሌስተርና አካባቢዋ ከቀረው አገር ቀድመው የመዝጋት ልማድ አላቸው፤ ይህም ፋብሪካዎች አብረው ይዘጉበት ከነበረው ዘመን የተረፈ ነው ይባላል። ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ያሰበ ሰው የሁለቱንም ካላንደር ጎን ለጎን ማየት አለበት።

ብዙ ወገኖቻችንን የሚያስደነግጠው ግን ቅጣቱ ነው። ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወቅት ልጅን ይዞ ለጉዞ መሄድ ከ2013 ወዲህ ልዩ ምክንያት ከሌለ በስተቀር አይፈቀድም፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም ርእሰ መምህሩ ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ በሚሠራው ደንብ መሠረት፣ ልጁ በአሥር የትምህርት ሳምንት ውስጥ ያለፈቃድ አሥር ክፍለ ጊዜ ከቀረ፣ ጠዋትና ከሰዓት እንደ ሁለት ስለሚቆጠሩ ይህም አምስት ቀን ማለት ነው፣ ቅጣት ለማውጣት ይታሰባል። ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 80 ፓውንድ፣ እስከ 28ኛው ቀን ከቆየ 160 ፓውንድ ነው። የሚጣለው በእያንዳንዱ ወላጅ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ነው። እንግዲህ ሁለት ወላጆች ሁለት ልጆች ይዘው ቢሄዱ ቶሎ ከፈሉ ቢባል እንኳ 320 ፓውንድ ይሆናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለዚያው ልጅ ሲደገም ከመጀመሪያው 160 ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራና እስከ 2,500 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል።

«ልጄ በቀረው ጊዜ አዘውትሮ እየተማረ ነው፤ ሳምንት ቢቀር ምን አለበት?» የሚለው ክርክር አስቀድሞ ተሞክሯል። ጆን ፕላት የተባሉ አባት በ2015 ሴት ልጃቸውን ይዘው ፍሎሪዳ ለሰባት የትምህርት ቀን ቆይተው ሲመለሱ 120 ፓውንድ ተቀጡ፤ አልከፍልም ብለው ተከራከሩና ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2017 የሰጠው ውሳኔ፣ በሕጉ ውስጥ ያለው «አዘውትሮ መገኘት» የሚለው ቃል ትምህርት ቤቱ ባወጣው ደንብ መሠረት መገኘት ማለት እንደሆነ ነው፤ በዚህም ተረቱ። እኔ በበኩሌ ሕጉን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በፈለገው ሰኞ አምስት ጊዜ ሲዘጋብኝ ዝም የምል፣ እኔ አንድ ዓርብ ስጠይቅ ግን ማመልከቻ የምጽፍ መሆኔ አልፎ አልፎ ያናድደኛል። በተለይ ትኬት በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት ምን ያህል እንደሚወደድ ላየ ሰው ንዴቱ ይገባዋል።

ስለ ማመልከቻ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። ወላጁ የሚከተለው የሃይማኖት አካል ለአምልኮ ብቻ የለየው ቀን ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ የልጁን መቅረት እንደ ተፈቀደ ይመዘግባል። የእኛ ገና ጃንዩዌሪ 7 ሲውል እንግሊዞቹ ከዕረፍት ተመልሰው ትምህርት የሚጀምሩበት ሰሞን ነው። ስቅለትም አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ ጋር አይገጥምም። በ2024 የእነርሱ ፋሲካ ማርች 31 ሲሆን የእኛ ሜይ 5 ነበረ፤ በ2025 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ገጠሙ። አስቀድሜ አጭር ደብዳቤ ስጽፍ፣ የበዓሉን ስምና ቀን ለይቼ ስገልጽ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። የሚፈቀደው ግን እንደ ደንቡ የበዓሉ ዕለት ብቻ ነው፤ ዋዜማውንና ማግሥቱን መጨመር በመብቱ ውስጥ አይካተትም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ «ልጄን አሟታል» ብዬ ደውዬ ነበር። እውነቱን መናገር የተሻለና የቀለለ ሆኖ ሳለ መዋሸቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለስድስቱ ሳምንት ረጅም ዕረፍት ያገኘሁት መፍትሔ ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። ሆሊዴይ ክለብ የሚባሉት የቀን ማቆያዎች ውድ ናቸው፤ ሆኖም ኦፍስቴድ በሚባለው የትምህርትና የሕፃናት ማቆያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ክለብ ከሆነ የመንግሥትን ድጋፍ መጠቀም ይቻላል። ሁኔታውን የሚያሟላ ሠራተኛ ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር በሚባለው ሒሳብ 8 ፓውንድ ሲያስገባ መንግሥት 2 ፓውንድ ይጨምርለታል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ የሚያገኝ ደግሞ ከወጪው እስከ 85 በመቶ ሊመለስለት ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ግን አይፈቀድም። በገቢያቸው ማነስ የነጻ ምሳ ለሚያገኙ ልጆች በፋሲካ፣ በረጅሙ ዕረፍትና በገና ነጻ የጨዋታና የምግብ ፕሮግራም አለ፤ ከ2021 ጀምሮ በመላው እንግሊዝ ይሠራል፤ ሃፍ ተርምን ግን አያካትትም። የዕረፍት ጊዜ ረኃብ የአገር መነጋገሪያ የሆነው በ2020 የእግር ኳስ ተጫዋቹ ማርከስ ራሽፎርድ ባደረገው ዘመቻ ነው፤ ያን ጊዜ መንግሥት አቋሙን ቀይሮ በረጅሙ ዕረፍት የምግብ ቫውቸር ሰጥቷል። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው 18 ሳምንት፣ በዓመት ቢበዛ 4 ሳምንት፣ ያለ ክፍያ የሚወሰድ የወላጅነት ፈቃድ አለ። ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ለማን ይመቸዋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ከአንዲት የሠፈራችን እናት ጋር የገባነው ስምምነት ነው። የእኔ ልጆች አሁን ሁለቱም በአንድ ትምህርት ቤት፣ የእርሷ ደግሞ በሌላ ስለሚማሩ ኢንሴት ደያችን ብዙውን ጊዜ አይገጥምም። ጁላይ ላይ የሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ካላንደር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ቡና እየጠጣን፣ አሥሩን ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ እናከባለን። በእኔ ልጆች ቀን እርሷ ትይዝልኛለች፤ በእርሷ ልጆች ቀን እኔ እይዝላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ተገናኝተን የሚመጣውን ዓመት ስናሰላ ስምንቱ ቀን ተከፋፈለ፤ የቀሩት ሁለቱ ኢንሴት ደዮች ግን በሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ቀን፣ ኖቬምበር ውስጥ ሰኞ ላይ ወደቁ። ያንን ቀን ለባለቤቶቻችን ሰጥተነዋል።