የምላስ ጎን ሳይታይ ካርድ አይዘጋም

የጥርስ ሕክምና ተማሪን የሚያሳስተው ጥርሱ ራሱ ነው። ታካሚው «መንጋጋዬን» ካለ የተማሪው ዓይን ከመንጋጋው አይነሳም። የአፍ ካንሰር ግን በብዛት የሚነሳው ከምላስ ጎንና ከምላስ ሥር፣ ማለትም ምላስ ከሚያርፍበት የአፍ ወለል ነው፤ አፍ ስለተከፈተ ብቻ ሁለቱም አይታዩም።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ። አንገት በጣት ይዳሰስ፤ የጠነከረና ሲገፉት የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ ባያምም እንኳ፣ ይመዝገብ። ከዚያ ከንፈር፣ ጉንጭ፣ ድድ፣ ላንቃ። ምላስ ላይ ግን መቸኮል የለም። ጫፉ በጎዝ (በስስ የቁስል ጨርቅ) ተጠቅልሎ ወደ ፊት፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ይሳባል፤ ጉንጩ በመስታወት ገለል ተደርጎ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ትይዩ ይታያል። ቁልቁል ከተጎተተ ሥሩን የታች ጥርስ ይፍቀዋል፣ ታካሚውም ምላሱን ይሰበስባል። እዚያ ጥግ ላይ ቀያይ እጥፋት አይቶ የሚደነግጥ ተማሪ አይጠፋም፤ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ከሆነ ተፈጥሮ ነው። የምላስ ሥር አንድ ጣት ከውስጥ፣ ሌላው እጅ ከአገጭ በታች ሆኖ ይዳሰሳል።

የውጭ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያጠና ሰሜን ሸዋ ሲመጣ ግራ ይጋባል። የተነቀሰ ድድ በሽታ አይደለም። እንጥል በልጅነት ተቆርጦ ላይኖር ይችላል። ጉንጭ ውስጥ ያለ ግራጫ መሳይ ጭጋግ ሲወጠር ከጠፋ ደህና ነው። በጎዝ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ ግን ይመዝገብ፤ ቀዩ ንጣፍ ከነጩ ይብሳል። ሕመም የለውም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም።

«አይጠጡም አይደል፣ አባባ?» መልሱን አብሮ የሰጠ ጥያቄ ነው። «አረቄ በቀን ስንት መለኪያ ይላሉ?» ይሻላል። ትንባሆም ይጠየቅ፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ከድምራቸው ይበልጣል። ጫት ቃሚ ከሆነ ደግሞ የትኛው ጉንጩ ውስጥ እንደሚይዘው ይጠየቅና ያ ጉንጭ በደንብ ይታይ።

ቁስል ከተገኘ ቦታውና ስፋቱ በሚሊሜትር ይጻፋል። የሚወጋው የሾለ ጥርስ ካለ ተሞርዶ 2 ሳምንት ይጠበቃል። ካልዳነ ለባዮፕሲ፣ ማለትም ከቁስሉ ቅንጣት ተወስዶ ለሚደረግ ምርመራ ይላካል። አንቲባዮቲክ እየለዋወጡ ወር መግፋት፣ በእኔ እይታ፣ ከሁሉም የከፋው ጥፋት ነው።

ቀጠሮውም በካርድ ላይ ብቻ አይቅር። የመንዝ ገበሬ ለሚካኤል ታይቶ ከሆነ «መድኃኔ ዓለምን ውለው በማግስቱ ይምጡ» ይባል፤ 16 ቀን ነው። ለይፋቱ ሰው ሁለት ጁምዓ ይቆጠርለት።