የአቫሎን መንገድ

ሜምፊስ ላይ መኪና ተከራይተን ወደ ደቡብ ወረድን። ሚሲሲፒ ውስጥ ግሬናዳ የምትባል ከተማ ስንደርስ ትልቁን መንገድ ትተን ሀይዌይ 7ን ያዝን። በግራ ጫካ የለበሰ ኮረብታ፣ በቀኝ ዓይን እስኪደክም ሜዳ። ጓደኛዬ «ይሄ ሁሉ መንገድ ለአንድ ጊታር ተጫዋች መቃብር ነው?» እያለ ያጉረመርማል።

ሰውየው የብሉዝ ዘፋኙ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ነው፤ ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። ያደገው አቫሎን ነው። አቫሎንን ከተማ ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል። ኑሮው እርሻ ነበር፤ ጊታሩ ለሰፈር ጭፈራ። እ.ኤ.አ. በ1928 ዊሊ ናርሙር የሚባል ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች፣ የአካባቢው ሰው፣ ኦኬ ለሚባል ሸክላ አሳታሚ ጠቆመው። መጀመሪያ ሜምፊስ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ ኒውዮርክ ወስደው አስቀረጹት። ሸክላዎቹ እምብዛም አልተሸጡም። ወዲያው የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ጆን ወደ ማሳው ተመለሰ። ለ35 ዓመት!

ያወጣው ናፍቆቱ ነው። ኒውዮርክ ሳለ አገሩ ናፍቆት አቫሎንን በስሟ ጠርቶ ዘፍኖላት ነበር። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል የዋሽንግተን ወጣት ያንን ዘፈን ሰምቶ፣ መንደሯን ካሮጌ ካርታ ላይ ፈልጎ መጣ። ሽማግሌው የኤፍቢአይ ሰው መስሎት ደነገጠ ይባላል። ማን ይፈርድበታል? የጥቁሮች መብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ በገዛ ደጁ የተገደለው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሚሲሲፒ ነው።

በሐምሌ ኒውፖርት የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። ከዚያ ዋሽንግተን ገባ። እኔም የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ይጫወትበት የነበረው ኦንታሪዮ ፕሌስ የሚባል ካፌ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ነበር፤ በኋላ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱበት ሰፈር። ስንቴ ክትፎዬን በልቼ በዚያ አልፌያለሁ!

አጨዋወቱ ልዩ ነው። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ ምቱን ይይዛል፤ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይለቅማሉ። ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ብሉዝ ሲባል ዋይታ ለሚጠብቅ፣ ኸርት ጆሮ ላይ በቀስታ እንደሚያወራ ሰው ነው። እኔን በገና አስታወሰኝ፤ በድምፁ ሳይሆን በእርጋታው።

መቃብሩ ጋ ለመድረስ ጠጠር መንገድ ላይ ሁለቴ ተሳሳትን። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ስንደርስ ድንጋዩ ላይ ሳንቲምና ፒክ፣ ማለትም የጊታር ክር መምቻ፣ ተደርድሯል። ፒኩ አሳቀኝ፤ ሰውየው በባዶ ጣቱ ነበር የሚጫወተው። ያረፈው በ1966 ነው፤ ሁለተኛው ዘመኑ ሦስት ዓመት ብቻ። ሙዚየም የሆነችውን ጎጆውን ደግሞ በ2024 እሳት በላት።

መኪና ውስጥ ቀድሜ ያወረድኩትን ያንኑ የአቫሎንን ዘፈን ከፈትኩ። ቁልፉ ጓደኛዬ እጅ ነው።

«አትሄድም እንዴ?» አልኩት።

«ቆይ፣ ይጨርስ።»