28 ሽንፈት

እ.ኤ.አ. የ2023ቱን የምደግፈውን የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ የዲትሮይት ፒስተንስን አጀማመር ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። የመጀመሪያውን ጨዋታ በማያሚ በ1 ነጥብ ብቻ ተሸነፍን። ወዲያው ሻርሎትንና ቺካጎን አሸነፍንና "ልጆቹ ደረሱ!" ብዬ ለወንድሜ ደወልኩ። ከዚያ በኋላ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን።

እያንዳንዱን ሽንፈት አልዘረዝርም። እኔን ያደከመኝ ሁሌ የማየው ነገር ነበር፦ ነጥቡን አጥብበን ተስፋ ስናደርግ አንዱ ልጅ ተቻኩሎ ያቀብላል፣ ኳሷ በተጋጣሚ እጅ ትገባለች፣ ወደ ኋላ ሮጦ የሚከላከል ይጠፋል። ችሎታማ ነበራቸው። ያጡት አብሮ የመጫወት ልምድ ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ የዝግጅት ጊዜ አይገኝም።

ተጫዋቻችን ኬድ ካኒንግሃም ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነበር። 27ኛው ሽንፈት ላይ፣ በሜዳችን ከብሩክሊን ጋር፣ 41 ነጥብ አስቆጠረ፤ 37ቱን ከእረፍት በኋላ። እንዲያም ሆኖ 118 ለ 112 ተሸነፍን። አንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ዲሴምበር 30 ቶሮንቶን 129 ለ 127 ስናሸንፍ የደወለው ወንድሜ ነው። ስልኩን አንስቼ ለትንሽ ጊዜ መናገር አቃተኝ።